የቀይ ቀበሮው ካርታ ከፓርኩ ወሰን ይሻገር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሌ ተራሮች አካባቢ በእንስሳት ጤና ሙያ ለዓመታት ያገለገልሁ በመሆኔ፣ የዱር እንስሳትን በሽታ በዲጂታል ካርታ ስለ መከታተል ያለኝን ሐሳብ ለአንባቢያን ለማካፈል እወዳለሁ።

ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የሚኖሩት በባሌ ነው። ከ1995 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው በዌብ ሸለቆ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። ወረርሽኙ ወደ ሌሎቹ መኖሪያዎች እንዳይዘልቅ ያገደው፣ የየመንጋው ክልል አስቀድሞ ተለይቶ ይታወቅ ስለነበር፣ ሁሉንም ቀበሮ መከተብ ሳያስፈልግ ሸለቆውን ከሌሎቹ ጋር በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን መርጦ መከተብ መቻሉ ነው።

ይሁን እንጂ በሽታው የሚመጣው ከብት ተከትለው ወደ ደጋው ከሚወጡት ውሾች ነው። በሠራሁበት ወረዳ በውሻ የተነከሰ ልጅ በጤና ጣቢያ መዝገብ፣ በእብደት የሞተች ላም በእኛ መዝገብ፣ ወድቆ የተገኘ ቀበሮ ደግሞ በስካውቱ፣ ማለትም በፓርኩ ጠባቂ፣ ደብተር ይሰፍር ነበር። የእኛ መዝገብ ከቀበሌው ስም በቀር ቦታ አይጠቅስም። አንድ ጊዜ ሦስቱን ሰብስቤ በአንድ ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ሳስቀምጣቸው፣ ነጥቦቹ አንዱን የከብት መንገድ ተከትለው ሽቅብ ወጥተው አገኘኋቸው። ቀበሮው ከመሞቱ በፊት ልጁ ተነክሶ ነበር፤ ይህንን በጊዜው ያየ ግን አልነበረም። ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

የስልክ ጂፒኤስ ኔትወርክ በሌለበትም ስለሚሠራ፣ ስካውቱ ቦታውን፣ ቀኑንና ፎቶግራፉን እዚያው መዝግቦ ከተማ ሲገባ መላክ ይችላል። ከሞተው እንስሳ የሚወሰደው የአንጎል ናሙና የላቦራቶሪ ውጤትም ተመልሶ እዚያችው ነጥብ ላይ ሊሰፍር ይገባል። ስካውቱ የተጓዘበት መንገድ አብሮ ካልተመዘገበ ግን ካርታው ያሳስታል፤ ባዶ የሚታየው ቦታ በሽታ የሌለበት ይሁን ሰው ያልረገጠው መለየት አይቻልምና። በየመንደሩ የተከተቡ ውሾች ብዛትም መታየት አለበት፤ የበሽታው ዑደት እንዲቋረጥ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው፤ በየዓመቱ የሚወለዱት ቡችላዎች ደግሞ ይህንን ድርሻ ቶሎ ያወርዱታል።

ስለዚህ ፓርኩ፣ የወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤትና ጤና ጣቢያዎች መረጃቸውን በአንድ ካርታ ላይ ለማስፈር ከመጪው የውሻ ክትባት ዘመቻ በፊት እንዲስማሙ፣ የቀበሮዎቹ የመውለጃ ጉድጓዶች ግን ለሕዝብ በሚታየው ቅጂ ላይ እንዳይወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣
ከባሌ