ማሽኑ አለ፣ ምላጩ የለም፦ ለጤና ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ጅማ ውስጥ አናጺ ነኝ። በርጩማና አልጋ እሠራለሁ። እንጀራዬ ከመጋዝና ከመሮ ነው፤ ዛሬ የምጽፍልዎም ስለ መጋዝ ነው።

የእህቴ ልጅ አምና ከሞተር ሳይክል ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወሰድነው። አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ጎብጦ ገጠመ። በኋላ ሆስፒታል ስንወስደው ዶክተሩ «እንደገና ተቆርጦ መቃናት አለበት» አሉን። ቀኑ ሲደርስ ቀጠሮው ተላለፈ። የኤሌክትሪክ መጋዙ አለ፣ ምላጩ ግን አልቋል። በቃ፣ መዳፍ የማታክል ብረት ጠፍታ ልጁ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ከረመ።

«በደነዘውስ አይሆንም?» ብዬ ጠየቅሁ። ዶክተሩ ሳይሰለቹ አስረዱኝ። የደነዘ ምላጭ ይፈትጋል፣ ፍትጊያው ያግላል። አጥንት 47 ዲግሪ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ መሞት ይጀምራል፤ የሞተ አጥንት ደግሞ በቀላሉ አይገጥምም። ሲቆርጡ የጨው ውሃ የሚያፈሱበትም ለዚህ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዋንዛ በደነዘ መጋዝ ሲቆረጥ ይጨሳል፣ ጠርዙ ይጠቁራል። እኔ ግን የተቃጠለውን ጥዬ ሌላ ጣውላ አነሳለሁ።

መሣሪያቸው ከእኔ ሳጥን ብዙም አይርቅም። ኦስቲዮቶም የሚሉት መሮ ነው። የእኔ መሮ የተሞረደው በአንድ ጎኑ ሲሆን የእነሱ በሁለቱም ነው፤ ስለዚህ ሲመታ ወደ ጎን አይሸሽም። ሮንጀር ጉጠት ይመስላል፣ አጥንት ቀንጠብ ቀንጠብ ያደርጋል። የወደድኩት ግን የጊግሊን ሽቦ ነው። ጣሊያናዊው የማህፀን ሐኪም ሊዮናርዶ ጊግሊ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ያወጣው ምጥ ለጠናባቸው እናቶች የዳሌ አጥንት ለመክፈት ነበር። በኋላ የራስ ቅል ለመክፈትና እግር ለመቁረጥም ዋለ። ጥርስ ያለው ሽቦና ሁለት እጀታ፣ ሌላ ምንም የለውም። መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ ይኼን ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አንድ ዘመዳችን «ከሱቅ ድሪል ገዝተን ብንሰጣቸውስ?» ብሎ ነበር። የሱቅ ድሪል ግን የኦቶክሌቩን፣ ማለትም መሣሪያ ከጀርም የሚያጸዱበትን ማሽን፣ 121 ዲግሪ እንፋሎት አይችልም። በመጨረሻ ዶክተሩ በራሳቸው ድሪል አጥንቱን በተርታ በስተው፣ ቀሪውን በመሮና በመዶሻ ጨረሱት። እኔም እንጨት የምበሳው እንዲሁ ነው። ልጁ አሁን በክራንች ይሄዳል፣ እግሩም ቀንቷል።

ልመናዬ ይኼ ነው። ለመጋዝ ጨረታ ሲወጣ ለዓመት የሚበቃ ምላጭ፣ ትርፍ ባትሪና የጊግሊ ሽቦ አብሮ ይገዛ። ሪባን የሚቆረጠው ለማሽን ነው፤ ለምላጭ ሪባን የቆረጠ ኃላፊ አይቼ አላውቅም። መሮዎቹን የሚስል ባለሙያም ይመደብ። መሮ ካልተሳለ መዶሻ ነው።

እኛ ስንወጣ አልጋውን የያዙት ከአጋሮ የመጡ አንድ አባት ናቸው። ትናንት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። እሳቸውም ምላጭ እየጠበቁ ነው።

አክባሪዎ፣
አንድ የጅማ አናጺ