ለአቃቂ ወንዝና ለአባ ሳሙኤል ግድብ ጥበቃ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ የከተማና የክልል ባለሥልጣናት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በየመዝገብ ቤቶቻችሁ ገቢ የተደረጉት የእኔና የጎረቤቶቼ አቤቱታዎች መልስ አጥተው ስለቀሩ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚበክል ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው፣ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠውም ክስ መመሥረት እንደሚችል መደንገጉን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ በውሳኔ ፈንታ ያገኘነው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መመላለስን ነው። በከተማው በኩል ያለው ቢሮ ማሳችሁ የሚገኘው በክልሉ ውስጥ ስለሆነ ጉዳዩ አይመለከተንም አለን፤ በክልሉ በኩል ያለው ደግሞ ፍሳሹ የሚነሳው ከከተማው ስለሆነ እዚያው አመልክቱ ብሎ መለሰን።

ትልቁም ትንሹም አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። የመኖሪያ ቤቱ ፍሳሽ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየም ሁሉ ተጠራቅሞ የሚቆመው እዚሁ እኛ ደጃፍ ላይ ሲሆን፣ በዚህ የሚመገበው እምቦጭም የግድቡን ፊት ሸፍኖታል። ውሃው ከዚህ ወጥቶ ወደ አዋሽ ይገባል፣ ቆቃ ይደርሳል፣ ከቆቃ በታች የአዳማ ሕዝብ አጣርቶ ይጠጣዋል፤ ከዚያም አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ በመሆኑ የጣልንበትን ሁሉ የሚቀበለው የራሳችን ወገን ነው።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ባለፈው በጋ በማሳችን የተፈጸመው ነገር ነው። ቆስጣው፣ ሰላጣውና ጥቅል ጎመኑ ለገበያ በደረሰበት ሳምንት ባለሙያዎችና የቀን ሠራተኞች ያሉበት ቡድን መጥቶ፣ በተበከለ ውሃ የለማ አትክልት ለተመጋቢው ጤና አደገኛ ነው በማለት መደብ በመደብ ነቅሎ ጣለው። አደገኛ መሆኑን አልክድም፤ በአቃቂ ውሃ የሚለማ አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል፣ እኛም ከዚያው ማሳ ነው ልጆቻችንን የምናበላው። ልቤን ያቆሰለው ሌላ ነው። በዚያ ጠዋት ባልዋ የሞተባትና ከዚያች ቁራሽ መሬት በቀር መተዳደሪያ የሌላት ጎረቤቴ፣ ሰብሏ ሲነቀል ቆማ እያየች፣ ውሃው መበከሉን ያረጋገጠው የምርመራ ውጤት ቅጂ እንዲሰጣት ቡድኑን ለመነች፤ ወረቀቱን ይዛ የበከለውን ሰው ለመጠየቅ ነበር ሐሳቧ። ውጤቱ ለቢሮው የውስጥ ሥራ ብቻ የሚውል ነው ተባለች። ቀደም ሲል ስለ ፍሳሹ አቤት ስንል የተሰጠን ምክንያት ብክለቱ በላቦራቶሪ አልተረጋገጠም የሚል ነበር። አንዱ ውሃ የእኛን ሰብል ለመንቀል ሲሆን የተረጋገጠ፣ ፍሳሽ የሚለቀውን ለመጠየቅ ሲሆን ያልተረጋገጠ የሚሆንበትን ሕግ አሳዩን። ሰብሉ በተነቀለበት ቀን ማታ እንኳ ከላይ የሚወርደው ውሃ እንደ ወትሮው ጠቁሮና አረፋ ደፍቆ ነበር፤ ወደ ቱቦው አፍ የሄደ ባለሙያ አልነበረም።

አብሮ መሥራት አይቻልም እንዳትሉን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534 የተጻፈው አንድን ተፋሰስ የሚጋሩ አስተዳደሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የሆነው አባ ሳሙኤል ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሲደረግ ወሰኑ የማን ነው የሚለው ክርክር ሥራውን አላስቆመውም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻ ልማትም ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍን ተነግሮን ደስ ብሎን ነበር። ዳርቻው ሲያምር ማየት እንወዳለን፤ ነገር ግን ልማቱ አቃቂ ላይ ሲቆም ውሃው አይቆምም፣ ከዚያ በታች ያለነውም የዚህ አገር ዜጎች ነን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሲሰጥ የከተማ ክልል ወሰን አላሰመረም።

ስለዚህ የከተማውና የክልሉ ቢሮዎች ለአቃቂና ለአባ ሳሙኤል አንድ የጋራ አካል በጽሑፍ እንድታቋቁሙ፣ በዚያም ከግድቡ ዳርቻ አርሶ አደሮች ድምፅ ያለው ተወካይ እንዲቀመጥ፣ የውሃው ምርመራ ውጤትም በየጊዜው በቀበሌያችን ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። የተነቀለው ሰብል ካሣ ይከፈልበት። የጎረቤቴ የምርመራ ቅጂም ማኅተም ተደርጎበት ይሰጣት፤ እርሷ የጠየቀችው ይህንኑ ብቻ ነበር።

መልሳችሁን በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ካልመጣ፣ አዋጁ ከዚያ በኋላ ክስ ለመመሥረት 60 ቀናት ስለሚሰጠን የሁለታችሁንም ቢሮዎች ስም በአንድ የክስ ማመልከቻ ላይ አስፍረን ፍርድ ቤት እንቀርባለን።

ከአባ ሳሙኤል ግድብ ዳርቻ፣
አንድ አትክልት አምራች