ክረምቱ ሳያልቅ አንድ አዲስ ጥለት

ልጄ፣

ሰሞኑን በስልክ "እማ፣ ምንም አዲስ ነገር አይመጣልኝም፣ የምስለው ሁሉ ያው የአምናው ነው" ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣ ብሎ ነው የምጽፍልሽ።

የሥራው መቀዝቀዝ አያስደንግጥሽ። ሽሮ ሜዳ ክረምት ሲገባ እንዲህ ነው። ሰርግ የለም፣ ገበያው ጭር ይላል፣ ፍልሰታ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። ግን እስቲ ጥርን አስቢው። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ እንኳን አዲስ ዲዛይን ልታስቢ ምሳ የምትበይበት ጊዜ የለሽም፤ ሸማኔውም የታዘዘውን ለማድረስ ደፋ ቀና ሲል "እባክህ ይቺን ሞክርልኝ" ብትይው ማን ሊሰማሽ! አሁን ጊዜ አለው። አጠገቡ ተቀምጠሽ ብትጠይቂው ያስረዳሻል፣ ክሩን ፈትቶ እንደገና ይጀምርልሻል። ግን ቶሎ በይ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የእንቁጣጣሽ ትእዛዝ ይጀምራል፣ ከዚያ ብዙዎቹ የጋሞ ሸማኔዎች ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ። ያለሽ ሐምሌ ነው፣ ከነሐሴም ትንሽ።

ስልክ ላይ ሐሳብ መፈለጉን ለጊዜው ተይው። እዚያ ያየሽውን ሌላውም አይቶታል። ገና አንቺ ሳትጨርሺው በማሽን የታተመ ጨርቅ ሆኖ መርካቶ በርካሽ ይሸጣል፣ የሸማኔው ልፋትም ከንቱ ይቀራል። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል።

ይልቅ ታክሲ ያዢና ስድስት ኪሎ ውረጂ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን ሙዚየም ማለቴ ነው። ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፣ ከልጅነት እስከ ሞት። ልብሱ ጋ ብቻ አትቁሚ። ሞሰቡን፣ ስፌቱን፣ የቆዳ ሥራውን እዪ፤ ቀለም ከቀለም ጋር እንዴት እንደተጎራበተ ልብ በይ። መስቀሎቹ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ቆዪ። የመስቀሉን ቅርፅ ሁሉም ሰው ጥለት ላይ አውጥቶታል። አንቺ በመስቀሉ ክንዶች መሃል ክፍት የቀረውን ቦታ ሳዪው። እሱን ለብቻው አውጥተሽ ብትደጋግሚው፣ እኔ እስካሁን ሽሮ ሜዳ ላይ ያላየሁት ነገር ይወጣዋል።

ስትስዪ ባለካሬ የሂሳብ ደብተር ላይ ይሁን። የሽመና ጥለት የድር ክር እየተቆጠረ ነው የሚሠራው፤ በኮምፒውተር የሳልሽው ክብ ነገር ሸማው ላይ ሲወርድ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ባለፈው "ሸማኔው አበላሸብኝ" ያልሽኝ አበባ እኮ እንዲያ ሆኖ ነው። ከመጀመሪያው በካሬ ካሰብሽው ያ ደረጃ ራሱ ውበት ይሆንልሻል።

ሌላው፣ በዚህ ወር ከአሜሪካ ለእረፍት የሚመጡትን ደንበኞች በደንብ አዋሪያቸው። ሱቅ ሲገቡ የሚጠይቁኝ ያው ነው፦ ቀለል ያለ፣ ሻንጣ ውስጥ የማይከብድ፣ ሥራ ቦታም የሚለበስ። የት እንደሚለብሱት፣ እንዴት እንደሚያጥቡት ጠይቂያቸው። ቀሚሱ ሙሉ ጥለት መሆን የለበትም። እጅጌው ጫፍ ላይ ብቻ ቢሆንስ? ኮሌታ ላይስ? ይሄን ከነሱ ወሬ ነው የምታገኚው።

ለሙከራ አንድ ክንድ ጨርቅ ይበቃሻል። የተራረፈ ሳባ ክር በየቀለሙ ለይቼ አስቀምጬልሻለሁ፣ አዲስ አትግዢ። ሸማኔውን ግን ለሙከራውም ክፈይው፣ ባይሳካም። የሱ ቀን ነው የሚሄደው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ በይ። ደብተሩን ይዘሽ ነይ፣ ያልጨረስሽውንም ቢሆን ማየት እፈልጋለሁ።

እናትሽ