በሁለተኛው ቀን ከሆስፒታል ስለ መውጣቴ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ «እማዬ፣ በሁለት ቀን እንዴት ያባርሩሻል?» ብለሽ ስታለቅሺ መልስ ሳልሰጥሽ የቀረሁት ቃል አጥቼ ሳይሆን ትንፋሼ አጥሮኝ ስለ ነበር ነው። አሁን ቁጭ ብዬ የሆነውን ሁሉ ልጻፍልሽ።

ድንገተኛው የልብ ሕመም በያዘኝ በዚያ ሌሊት ደረቴ ሲከብደኝና ግራ ክንዴ ሲዝል ጨጓራዬ መስሎኝ ተልባ በጥብጬ ጠጣሁ። አምቡላንስ የጠራው ወንድምሽ ነው። ባለሙያዎቹ እዚሁ ሳሎን ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት የሚያሳየውን ምርመራ) አንሥተው፣ ድንገተኛ ክፍል ሳያዘገዩኝ በቀጥታ የልብ ደም ሥር ወደሚከፈትበት ክፍል አስገቡኝ። በቀኝ እጄ አንጓ ቀጭን ቱቦ አሳልፈው የተዘጋውን ደም ሥር በፊኛ ከፈቱና ተመልሶ እንዳይዘጋ ስቴንት የሚሉትን ትንሽ የሽቦ ቱቦ አኖሩበት፤ እኔም ነቅቼ የገዛ ልቤ ሲመታ በስክሪን አይ ነበር። ደም ሥሩ ሲከፈት ደረቴ ላይ የተጫነኝ ድንጋይ ወዲያው ተነሣልኝ።

የእኔን ሕክምና በአባትሽ እንደምትለኪው አውቃለሁ። በ1991 ዓ.ም. እርሱ በዚሁ ሕመም አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሲታከም አንቺ ምሳ ዕቃ ይዘሽ በየቀኑ ትመላለሺ ስለ ነበር፣ የተኙበት ቀን ሲበዛ ሕክምናው የጠነከረ ይመስልሻል። ነገር ግን ልጄ፣ ለእርሱ ደም ሥሩን የሚከፍትለት አልነበረምና ዕረፍቱ ራሱ ነበር መድኃኒቱ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1955 ልባቸውን ሲታመሙ ዴንቨር ሆስፒታል ሰባት ሳምንት ያህል ተኝተዋል፤ የልብን ደም ሥር በፊኛ መክፈት ዙሪክ ላይ የተጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

ዛሬ ደም ሥሩ በጊዜ ከተከፈተ በኋላ ሐኪሞች አጥብቀው የሚፈሩት የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ነው፤ የልብ ምት በድንገት የሚዛባው በአብዛኛው ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ሌት ተቀን ይጠብቁኝ ነበር። ያ በሰላም ካለፈ፣ አልትራሳውንዱ የልብን ጉልበት ደኅና ካሳየ፣ ሌላ የሚያሰጋ ጠባብ ደም ሥር ከሌለና ቤት የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ከዚያ በላይ መተኛት ለደም መርጋትና ለኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር ብዙ አይጠቅምም። እዚሁ ለንደን ያለው የባርትስ የልብ ማዕከል በኮቪድ ጊዜ እንዲህ መርጦ ከ48 ሰዓት በፊት ያሰናበታቸውን 600 ሕሙማን ተከታትሎ፣ ቶሎ መውጣታቸው እንዳልጎዳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትሟል። ሁሉም ሰው ግን አይሰናበትም፤ ከጎኔ የተኙት ሴትዮ ሳንባቸው ውኃ ቋጥሮ ስለ ነበር እኔ ስወጣ እርሳቸው ቀርተዋል።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ነርሷ ስድስት ዓይነት ክኒንና አንድ ከምላስ ሥር የሚነፋ መድኃኒት በከረጢት ይዛ አጠገቤ የቆመችው ዐሥር ደቂቃ አይሞላም፤ በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን ብላ ስታስረዳኝ እኔም «ገባኝ፣ ገባኝ» እያልሁ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ይሉኝታዬን ታውቂው የለ! ቤት በገባሁ በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሽ አጠረኝ። ነጠላዬን ለብሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ የንስሐ አባቴን ልጥራ ወይስ አምቡላንስ እያልሁ ሳመነታ ወንድምሽ ለአምቡላንስ ደወለ፤ ባለሙያዎቹ መጥተው መረመሩኝ፤ ልቤ ደኅና ነበር። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠኝ ቲካግሬሎር የሚባለው ክኒን አንዳንዱን ሰው እንዲህ ትንፋሽ እንደሚያሳጥረው፣ ይህም በወረቀቱ ላይ መጻፉን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ሳምንት ተኝቼ ቢሆን ከነርሶቹ አንዷ ረጋ ብላ ትነግረኝ ነበር። አስተርጓሚ መጠየቅም እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም።

ይህ ክኒን ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ይዋጣል፤ ለአንድ ዓመት ነው። በተለይ በመጀመሪያው ወር ቢቋረጥ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ስለሚችል፣ ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልጾምም፤ የንስሐ አባቴም ፈቅደውልኛል። አክስትሽ «ጸበሉ ይበቃሻል፣ ክኒኑን ተዪው» ብላኝ ነበር፤ ክኒኑን በጸበሉ እውጠዋለሁ አልኋት።

ቤት መግባቴ አንድ ጉዳት ግን አለው፦ ሆስፒታል ቢሆን ጠያቂ ሰዓት ነበረው። ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ሰው መጣ፤ በቀኝ እጅሽ ከባድ ነገር አታንሺ ተብዬ ስለ ነበር ጀበናውን በግራ እጄ አንሥቼ ስቀዳ ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።

ሥራሽን ጥለሽ ለመምጣት ቪዛ መጠየቁን ለጊዜው ተዪው። በምትኩ የፊታችን ሐሙስ የልብ ማገገሚያ ነርሷ ስትደውልልኝ አንቺም በመስመሩ ግቢልኝ፤ እንግሊዝኛሽ ከእኔ ይሻላል። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌያቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ስለ ቅቤ ነው።

እናትሽ