ኪኒኑን እንዳታቋርጪ

ጂማ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ትናንት በስልክ «እማዬ፣ ለጽንሱ ስለሰጋሁ ኪኒኑን ከተውኩት አራት ቀን ሆነኝ» ስትዪኝ፣ «ዛሬውኑ ጀምሪ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሌሊቱን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እያዳመጥኩ አነጋሁ። ምክንያቱን በወረቀት ላስረዳሽ፤ ደግመሽ ታነቢዋለሽ።

በመጀመሪያ የሚከብደኝን ልናገር። ይህ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ ወደ አንቺ የመጣው ከእኔ ሳይሆን አይቀርም። አንቺን ሳረግዝ ማንም አልመረመረኝም፤ እኔም ራሴን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ አንቺ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሽ። አዋቂ ሰው ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያስወግደዋል። በወሊድ ጊዜ ከተያዙ 10 ጨቅላዎች ግን በ9ኙ ላይ ሥር ይሰዳል። በእኔና በአንቺ የደረሰው በአንቺና በልጅሽ እንዳይደገም ነው ልመናዬ።

ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ 26 ዓመት ቆሜያለሁ። ይህ ያንቺ ኪኒን፣ ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፤ ስንት ነፍሰ ጡር ከእጄ ተቀብላ ሄዳለች! ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እናቶች በመላው ዓለም በእርግዝና ለዓመታት ሲወስዱት ቆይተዋል፤ የአፈጣጠር ጉድለት ሲያበዛ አልታየም። ቫይረሱ በእናት ደም ውስጥ በጣም ሲበዛ የልጁ ክትባት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ኪኒኑ መጠኑን የሚያወርደው ለዚህ ነው። ጡትም ታጠቢያለሽ።

እኔን የሚያስፈራኝ ማቋረጡ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ያስተኛዋል እንጂ ከጉበት ነቅሎ አያወጣውም። አጎትሽ «ድኛለሁ» ብሎ የተወው ጊዜ ትዝ ይልሻል? በሦስተኛው ወር የዓይኑ ነጭ እርድ የተነከረ መሰለ። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ሥር ቀጥቅጦ አጠጣው፤ በታመመ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም። ተርፏል፤ እኔ ግን ያንን ቢጫ ዓይን አልረሳውም።

ኪኒኑ ጉዳት የለውም አልልሽም። ኩላሊትን ሊነካ፣ አጥንትን ሊያሳሳ ይችላል፤ ስለዚህ ክሪያቲኒን የሚባለውን የኩላሊት የደም ምርመራሽን አትዝለዪ። ወገቤን አመመኝ ብለሽ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እንዳትገዢ፤ ለኩላሊትሽም ለጽንሱም አይሆንም። ያለፉትን ቀናት ለማካካስ ሁለት አትዋጪ፤ አራት ቀን እንዳቋረጥሽ ግን ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪው። ኪኒኑን በራሱ ብልቃጥ አኑሪው፤ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ነጭ ከረጢት አታውጫት፣ እርጥበት የምትመጠው እሷ ናት።

አማትሽ ብርጭቆሽን ለይተው ማስቀመጣቸው አንገብግቦኛል። በአንድ ገበታ መብላት ይህን ቫይረስ አያስተላልፍም፤ ምላጭና ጥፍር መቁረጫ ግን ለብቻሽ ይሁን። እኔ ስመጣ በአክብሮት አስረዳቸዋለሁ።

ምጥ ሲመጣ ገና በሩ ላይ ለአዋላጇ «ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ» በያት። ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ያግኝ፣ ከዚያ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይቀጥላል። ከወለድሽ በኋላም ሐኪም ሳያዝሽ ኪኒኑን አትተዪ።

ዘጠነኛው ወር ሲገባ ቡናና ቅቤ ይዤ እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ በነገው አውቶቡስ ያደርስልሻል፤ አንብበሽ እንደጨረስሽ ደውዪልኝ።

እናትሽ