ፕላኑ አልቋል፣ ጣሪያውን አግዙን

ሰላም ጎረቤቶች፣ ሰላም ከሩቅ ሆናችሁ የምታነቡ። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። የመጣሁት ለእድራችን አዳራሽ ማሠሪያ ብር ልጠይቃችሁ ነው፣ ግን መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናታችን አርፈው ድንኳን ተከልን። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ስንደርስ ሸራው ውሃ ቋጥሮ ተዘርጥጧል፤ እናቶች በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፉ ውሃውን ይደፋሉ፣ ለቅሶ ደራሹ ጭቃ ላይ ቆሟል። የአንድ አዛውንት ወንበር አንድ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ሮጬ ነው የያዝኳቸው። በየክረምቱ እንዲህ ነን።

ያን ጊዜ ነው እዚሁ ብሎክ የምትኖር ወጣት አርክቴክት «እኔ ልሥራላችሁ፣ ብር አልፈልግም» ያለችው። ከተመረቀች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ያለቀለት ሥዕል የሚያሳዩን መስሎን ነበር፣ እነሱ ግን የያዙት ኖራና ሲባጎ ነው። አዳራሹን በትክክለኛ ልኩ መሬት ላይ አሰመሩና «በሉ ግቡ፣ ልክ እንደ ለቅሶ ቀን ሁኑ» አሉን። እናቶች ገቡ። ድስቱ የት እንደሚጣድ፣ እንጀራው የት እንደሚቀመጥ፣ ቡናው የት እንደሚፈላ እየተዘዋወሩ አሳዩ። አንዷ እናት ቆም ብለው «ማድቤቱ እዚህ ከሆነማ ጭሱ ለቀስተኛው ላይ ነው የሚሄደው፣ ነፋሱ ከወዲያ ነው የሚመጣው» አሉ። ልጆቹ እዚያው ኖራውን በእግራቸው አጥፍተው ማድቤቱን ወደ ሌላው ጫፍ አዞሩት። እኔ እዚህ ሰፈር ስኖር ሙያ ያለው ሰው እናቶቻችንን እንዲህ ሲሰማ አላየሁም።

አዳራሹ 120 ካሬ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ክፍት። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ሙቀቱ በመሃል ይወጣል። ይህን ዘዴ ያገኙት ከቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ከፍራንሲስ ኬሬ ሥራ ነው። ሰውዬው በርሊን ተማሪ እያለ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ሆኖ በጋንዶ ትምህርት ቤት ሠራ። ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በ2022 ደግሞ ፕሪትዝከር የሚባለውን ትልቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ወሰደ።

ሌላው ደስ ያለኝ አሸንዳው ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ ቢጥል ከዚህ ጣሪያ ወደ 1,200 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣልን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ የእድሩ ዕቃ ሁሉ ይታጠብበታል። ለቅሶ በሌለ ቀን ደግሞ ልጆቻችን ያጠኑበታል።

አሁን ወደ ብሩ። በግምታችን ጠቅላላው 2 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። ከአባላት 700 ሺህ ሰብስበናል። ሰኔ ሳይገባ መሠረቱን፣ ምሰሶውንና ጣሪያውን ካደረስን ግድግዳው ቀስ ይላል። የአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋም ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው። ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ አሸዋ በዓይነት የምትሰጡም አትተዉን። ሂሳቡ በእድሩ ስም ነው፣ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ ሳንቲም አይወጣም። ደረሰኙን ሁሉ በየሳምንቱ እለጥፋለሁ። ውጭ ያላችሁ እዚህ ባለ ዘመዳችሁ በኩል ኮሚቴውን አግኙ።

ፈቃድ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስም እንፈልጋለን፣ ምሰሶውን አስልቶ የሚፈርምልን። ወጣት አርክቴክቶች ደግሞ ኑና እዩ፤ እንዲህ ዓይነት እድር እናንተም ሰፈር አለ፣ ድንኳኑም እዚያ ያፈሳል።

ቁፋሮው የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ይጀመራል። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ቁርስ እናቶች ያዘጋጃሉ።