ለቅሶው የእምነት ቃል አልነበረም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ለሃያ ስድስት ዓመታት በወህኒ ቤት ጠባቂነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ፣ ዛሬ ድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ከሁለት ሳምንት በፊት የሰፈራችን ወጣቶች ጎረቤቱን ሰብስበው በአማርኛ ትርጉም ያሳዩን «ዘ ግሪን ማይል» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ሙሉው ፊልም ከሦስት ሰዓት በላይ ሲሆን እኛ ያየነው ግን ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ምክንያቱን ስጠይቅ እናቶችንና ልጆችን የሚያስጨንቁ ትዕይንቶች አስቀድመው እንደወጡ ነገሩኝ። የቀረልን ተአምራቱ ብቻ ነበርና ሰዉ ሁሉ «ደስ የሚል የተአምር ፊልም ነው» እያለ ወደየቤቱ ገባ። እኔ ግን ሙሉውን ከዓመታት በፊት አይቼው ስለነበር በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ላላዩት ባጭሩ ልግለጽ። ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1999 ያዘጋጀው ፍራንክ ዳራቦንት ሲሆን፣ መነሻው ስቲቨን ኪንግ በ1996 በስድስት ተከታታይ ክፍሎች ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ በ1935 በሉዊዚያና ግዛት፣ ሞት የተፈረደባቸው እስረኞች በሚጠበቁበት ክፍል ይፈጸማል። ጆን ኮፊ የተባለ ግዙፍ ጥቁር ሰው ሁለት ነጭ ሕፃናትን ገድለሃል ተብሎ በኤሌክትሪክ ወንበር እንዲሞት ተፈርዶበት ይመጣል። ይህ ሰው የሌላውን ሕመም ወደ ራሱ ስቦ ያወጣል፤ የዋርድያዎቹን አለቃ ፖል ኤጅኮምብን ከሽንት ሕመሙ፣ የወህኒ ቤቱን ኃላፊ ባለቤት ደግሞ ከአንጎል ዕጢ ይፈውሳል፤ በጫማ የተረገጠች አይጥ እንኳ በእጁ ነፍስ ትዘራለች።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ስለቱን ይዞ ቁልቢ ገብርኤል ለሚወጣ፣ ሐረር ሄዶ የአው አባድርን መካነ መቃብር ለሚዘይር የእኛ አካባቢ ሰው፣ እንዲህ ያለው ፈውስ ለማመን አይከብድም። ሳይከብደን መቅረቱ ግን እዚያው ላይ እንድንቆም ያደርገናል። ተአምር የሚሠራው ሰው ንጹሕ መሆኑ የታወቀው በዚያው ተአምር ሲሆን፣ ይህን ለፍርድ ቤት ማቅረብ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም፤ ያወቁት ጠባቂዎቹ ራሳቸው ወንበሩ ላይ ሊያስሩት ግድ ሆነ። ተቆርጦ የቀረብን ይህ ነው።

ኮፊን ያስፈረደበትን ነገር እናስብ። የተገኘው የሁለቱን ልጆች አስከሬን ታቅፎ እየጮኸ ሲያለቅስ ነው። ሊያድናቸው ሞክሮ ሳይደርስላቸው ቀርቶ ነበርና፣ ነገሩን ለመመለስ ሞክሬ ዘገየሁ የሚል ቃል ከአፉ ወጣ፤ የከበቡት ሰዎችም ቃሉን እንደ እምነት ቃል፣ ወንጀሉን እንዳመነ አድርገው ወሰዱት። እኛ አገር ልጇን የቀበረች እናት ደረቷን እየደቃች «እኔ ነኝ የገደልሁህ፣ ያን ዕለት ባልላክሁህ ኖሮ» ብላ ስትጮህ የእድሩ ሰው ደግፎ ያስቀምጣታል፣ ውኃ ያቀርብላታል እንጂ ፖሊስ የሚጠራባት የለም። ለቅሶዋን የምናውቀው እርሷን ስለምናውቃት ነው። ኮፊን በዚያ አካባቢ የሚያውቀው አንድም ሰው አልነበረም፤ የታየው ቀለሙና ግዙፍነቱ ብቻ ነው። ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ ነው የሚል ካለ የጆርጅ ስቲኒን ጉዳይ ያስታውስ። በ1944 በሳውዝ ካሮላይና ይህ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ሁለት ነጭ ልጃገረዶችን ገድለሃል ተብሎ በአንድ ቀን ችሎት፣ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ በአሥር ደቂቃ ያህል መክሮ ጥፋተኛ ብሎት በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። ፍርዱ የተሻረው ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው።

ከተቆረጡት ትዕይንቶች በጣም የቆጨኝ ዴላክሯ የተባለው ሌላ የሞት ፍርደኛ አሟሟት ነው። የኤሌክትሪኩ ኃይል ቶሎ እንዲገድል በሟቹ ራስ ላይ የሚደረገው ስፖንጅ በጨው ውኃ መነከር አለበት። የአገረ ገዢው ሚስት ዘመድ በመሆኑ የሚፈራው ፐርሲ የተባለው ጠባቂ ሆን ብሎ ደረቁን ያደርግበታል፤ ሰውየውም በቁሙ ይነዳል። ማየቱ እንደሚያስጨንቅ አልክድም። ነገር ግን በወህኒ ቤት ውስጥ ጭካኔ የሚገባው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር መሆኑን እኔ ምስክር ነኝ። አንድ ባልደረባችን ከገጠር በእግሯ የመጣች እናት ለልጇ የቋጠረችውን ስንቅ በፍተሻ ሰበብ በር ላይ ሲደፋው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዝም አልሁ። ሴትዮዋ ከመሬት እየለቀመች ስትመልሰው አሁንም ትታየኛለች።

ስለ ጨለማው ደግሞ ሳልጽፍ አላልፍም። ኮፊ እስር ቤቱ እንደገባ የጠየቀው ሌሊት መብራት እንደበራ ይተዉ እንደሆነ ነው፤ ጨለማ ይፈራ ነበርና። በመጨረሻም ፊቱ በጥቁር ጨርቅ እንዳይሸፈን ለምኖ ሳይሸፈን ሞተ። በድሬ ሙቀት መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ብዙ ሰው በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ጎልማሳ ታራሚ እንደ ሕፃን ሲጣራ ሰምቻለሁ። ባትሪዬን በመስኮቱ ብረት ላይ ይዤ እስኪነጋ የቆምሁበት ጊዜ አለ። ይህ በመመሪያ የተጻፈ ሥራ አልነበረም።

የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 የሞት ቅጣት በርእሰ ብሔሩ ካልጸደቀ በቀር እንደማይፈጸም፣ በአደባባይ በስቅላት ወይም በሌላ ኢሰብዓዊ መንገድ እንደማይከናወን ይደነግጋል። ቅጣቱ ግን በሕጉ ውስጥ አለ፤ አንድ ቀን ሊያስፈጽም የሚታዘዘውም የእኔን መለዮ የለበሰ ወጣት ነው። ያ ወጣት የፊልሙን መጨረሻ ማየት ይገባዋል። ፖል ኮፊን ላውጣህ ብሎ ጠይቆት ነበር፤ ኮፊ በሰው ክፋት መድከሙን ገልጾ እምቢ አለ። ፖልም ፍርዱን አስፈጸመ፣ ከዚያም እስከ 108 ዓመቱ የሚወዳቸውን ሁሉ እየቀበረ ኖረ፤ ዕድሜውን በረከት ሳይሆን ቅጣት አድርጎ ቆጠረው። እኛ ይህንን ክፍል ጨርሶ አላየንም።

ስለዚህ የውጭ ፊልሞችን በአማርኛ ተርጉመው የሚያቀርቡ ወገኖች ድካማቸውን እያመሰገንሁ፣ ለልጆች የማይሆነውን ለአዋቂ ለብቻው እንዲያሳዩ እንጂ ከመሀሉ እንዳይቆርጡ አደራ እላለሁ። የጋዜጣችሁ የጥበብ ገጽም በዚህ ጉዳይ ተርጓሚዎቹን ራሳቸውን ጠይቆ ቢያቀርብልን ደስ ይለኛል። የሰፈራችን ወጣቶች ሙሉውን ፊልም ፈልገው ካገኙት በሚቀጥለው ወር፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ደግመው ሊያሳዩን ተስማምተዋል። የቀድሞ ባልደረቦቼንም ጠርቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የወህኒ ቤት ጠባቂ፣ ከድሬዳዋ